«ውሃው የት ይሄዳል?» ለልጆች ስለሚጻፉ ኢ-ልቦለድ መጻሕፍት የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከሐዋሳና ከአዳማ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም ለልጆች የሚዘጋጁ ኢ-ልቦለድ መጻሕፍትን መጻፍና ማሻሻልን ይመለከታሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቻቸውንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከስምንት እስከ ዐሥር ዓመት ለሆኑ ልጆች ስለ ሐዋሳ ሐይቅ 60 ገጽ ያህል ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። የሐይቁን አቀማመጥ፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ዓሦቹን፣ አእዋፉን፣ ለቱሪዝም የሚሰጠውን ጥቅም ሁሉ አካትቻለሁ። ያነበቡት ባልደረቦቼ ግን «ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ነው» አሉኝ፤ ተማሪዎቼም ሳነብላቸው ገና በሦስተኛው ገጽ ማዛጋት ጀመሩ። ምኑን ልቀንስ?

መልስ፦ ከመቀነስዎ በፊት መጽሐፉ የሚነሣበትን አንድ ጥያቄ ቢፈልጉ ይሻላል፤ ምኑ እንደሚወጣና ምኑ እንደሚቀር የሚነግርዎ እሱ ነውና። አብሮ የደረሰን ማውጫ «መልክዓ ምድራዊ አቀማመጥ» ብሎ ይጀምርና «ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ» ላይ ያበቃል። አደራደሩ ለመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያምራል፤ የልጅ ሐሳብ ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም። ሐይቁ ዳር የቆመ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስፋቱ ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ አይጠይቅም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ፣ ከሐይቁ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ ግን እንደማይታይ ቢነግሩት «ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» ማለቱ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ መጽሐፍዎን ከዳር እስከ ዳር ሊሸከም ይችላል። የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች። ነገር ግን ውሃ ሲተን ጨዉን ይዞ አይሄድም። ወንዙ ጥቂት ጥቂት ማዕድን እያመጣ፣ ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ብቻ እየወሰደች ለብዙ ሺህ ዓመታት ቢቀጥል፣ ሐይቁ ጨዋማ መሆን ነበረበት። ከሐዋሳ በስተሰሜን፣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የሻላ ሐይቅ የገጠመው ይኸው ነው፤ መውጫ የለውም፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። የሐዋሳ ሐይቅም መውጫ አይታይለትም፤ ውሃው ግን ጨው አልበዛበትም፣ ቆሮሶና አምባዛም ይኖሩበታል። እዚህ ላይ ሲደርስ አንባቢዎ ቀጣዩን ገጽ ራሱ ይገልጣል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ከሐይቁ በታች በተሰነጣጠቀው ዐለት በኩል ውሃ እየሰረገ ይወጣል የሚል ነው። ዐለቱ ለምን ተሰነጣጠቀ ቢባል፣ ሐይቁ የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ ምክንያት በተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ላይ ስለ ሆነ፣ ስምጥ ሸለቆውም እስከ ዛሬ ድረስ በዝግታ እየተከፈተ ስለ ሆነ ነው።

እንደሚያዩት መልክዓ ምድሩ ከመጽሐፉ አልወጣም፤ የሚፈለግበት ሰዓት እስኪደርስ ቆይቶ ገባ እንጂ። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ስፋትም ፀሐይ ምን ያህል የውሃ ገጽ እንደምታገኝ ሲነገር ይገባል፤ 22 ሜትር ያህል የሚደርሰው ጥልቀት ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ ከሚጠልቀው ከሻላ ጋር ሲነጻጸር ትርጉም ያገኛል። የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ሚዛኑን ሲስት ምን እንደሚሆን ማስረዳት ቢፈልጉ፣ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ባሰጋ ጊዜ ዳርቻው ላይ የተሠራው የአፈር ግድብ ተማሪዎችዎ ዘወትር የሚያዩት ማስረጃ ነው። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዓሣ አንጀት የሚጠባበቀው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍም አንድ ገጽ ይገባዋል። ቱሪዝሙን ግን ያውጡት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሆቴል አልጋ ብዛት ምኑም አይደለም።

አንድ ነገር አደራ እንበልዎ። «ውሃው ከሥር ይሰርጋል» ብለው በደፈናው አይለፉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ወደ ሐይቁ የገባውን፣ በላዩ የዘነበውንና ከላዩ የተነነውን ውሃ ለክተው ሲያሰሉ ሒሳቡ አልሞላ ብሏቸው ነው። የጎደለው ውሃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ይህን ስሌት በሁለት ገጽ ላይ በሥዕል ቢያሳዩት፣ ልጁ ስለ ሐይቁ ከማወቁም በላይ ሰዎች ያላዩትን ነገር እንዴት ሊያውቁ እንደሚችሉ ይረዳል። በእኛ አመለካከት ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ለልጅ ሊሰጠው ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሌላው ቢቀር አያስቆጭም።

ሁለተኛው ጉዳይ የዐረፍተ ነገርዎ አሠራር ነው። ከረቂቅዎ አንዱን እንውሰድ፦ «ጉማሬ ከአጥቢ እንስሳት ወገን የሚመደብ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በውሃ ውስጥ የሚያሳልፍ፣ በሌሊት ወደ የብስ በመውጣት ሣር የሚመገብና ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ግዙፍ እንስሳ ነው።» ሐሰት የለበትም። ነገር ግን በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ልጁ አራት ገለጻ ተሸክሞ «እንስሳ ነው» እስኪባል ይጠብቃል፤ ሲደርስም የሚነገረው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። እንዲህ ቢሉትስ፦ «ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል። ምግቡ ግን ያለው የብስ ላይ ነው። ስለዚህ ሲመሽ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድራል።» «አጥቢ» የሚለው ወጥቷል፤ ክብደቱም ወጥቷል። ክብደቱ በኋላ፣ ዓሣ አጥማጁ በትንሽ ጀልባው ሲሄድ ጉማሬን ለምን እንደሚሸሽ በሚነገርበት ገጽ ቢመለስ ሥራ ይሠራል። ሁሉንም ዐረፍተ ነገር መቆራረጥም ግን ሌላ ጥፋት እንደ ሆነ ያስታውሱ። ብዙ ጸሐፊዎች «ለልጅ ማቅለል» ሲሉ «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉትን ቃላት እየነቀሉ ይጥላሉ፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚያገኘው እርስ በርሱ ያልተያያዘ የመረጃ ክምር ነው። ዐረፍተ ነገሩ ትንሽ ይርዘም፣ ማያያዣው ግን ይቆይ።

ስለ ገጽ ብዛት የጠየቁት ባይኖርም ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ይገጥምዎታልና እንጥቀሰው። አንድ ትልቅ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ስለሚሆን፣ የሥዕል መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ ተደርጎ ይታቀዳል። የርዕሱና የኅትመት መረጃው ገጾች ሲቀነሱ ለእርስዎ የሚቀረው 28 ያህል ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው በዚህ ልክ አስበው በየገጹ የሚሆነውን በባዶ ወረቀት ላይ ቢደለድሉ፣ የቱ ክፍል እንደ ተንዛዛ ወዲያው ይታይዎታል።

ተማሪዎችዎ ያዛጉበት ቦታ ከባልደረቦችዎ አስተያየት ይልቅ ዋጋ አለው፤ ገጹ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ሁለተኛውን ረቂቅ ሲፈትሹ ግን ሌላ መምህር ለሌላ ክፍል ልጆች እንዲያነብልዎ ያድርጉና እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው ይታዘቡ። አንባቢው «ገባችሁ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ያሳስቡት። የእኛ ልጆች ለታላቅ ሰው ጥያቄ ጨዋ ናቸው፤ ባይገባቸውም «አዎ» ይላሉ። «እስቲ ላልመጣው ጓደኛህ ንገረው» ቢባሉ ግን ምን እንደ ያዙና ምን እንደ ተደባለቀባቸው በራሳቸው አንደበት ይወጣል።

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ስለ አበበ ቢቂላ ለልጆች መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ልጆች ምልልስ ስለሚወዱ አበበ ከአሠልጣኙ ጋር የተነጋገረውንና ሲሮጥ በልቡ ያሰበውን ከራሴ ጨምሬአለሁ። አንድ ወዳጄ «ይህማ ውሸት ነው» አለኝ። አስተያየታችሁ ምንድን ነው? ዓመተ ምሕረቱንስ በየትኛው አቆጣጠር ላድርገው?

መልስ፦ መጽሐፉን «እውነተኛ ታሪክ» ብለው የሚያወጡት ከሆነ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። በማስረጃ ያልተገኘ ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከገባ ልጁ አበበ በርግጥ እንዲህ እንዳለ ያምናል፤ ነገ ለክፍል ጓደኞቹ ይናገረዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ጸሐፊ ከእርስዎ ይገለብጠዋል። ምልልሱን መተው ካልሆነልዎ መጽሐፉን ታሪካዊ ልቦለድ ይበሉትና በሽፋኑ ላይ ይግለጹት። ይህም የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚያስነቅፈው ሁለቱን መቀላቀል ነው።

ነገር ግን የእርስዎ ርዕሰ ጉዳይ የፈጠራ ንግግር የሚያስፈልገው አይመስለንም። የሮሙ ማራቶን የተካሄደው ወደ ማታ ነበር፤ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ላይ ችቦ ተለኩሶ ነበር። የክብር ዘበኛው አበበ ጫማ አላደረገም። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም አብሮት ሲሮጥ ቆይቶ፣ ወደ ፍጻሜው ገደማ፣ ከአክሱም ተወስዶ ያኔ ሮም ውስጥ ቆሞ በነበረው ሐውልት አካባቢ አበበ ጥሎት ወጣ፤ ውድድሩንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። ይህ ሁሉ እያለ «አበበ በልቡ እንዲህ አለ» ማለት ምን ያደርጋል? ልጁን ከመንገዱ ዳር ያቁሙት፤ ችቦውን ይይ፣ የባዶ እግሩን ኮቴ ይስማ፣ ሐውልቱን ይወቅ። አበበ ምን እንዳሰበ ራሱ ይጠይቃል፤ ይጠይቅ።

ስለ ባዶ እግሩ የሚነገረውንም ሳይፈትሹ አይጻፉ። «አገሩ ጫማ መግዛት አቅቷት» የሚለው አነጋገር በብዙ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ አበበ ግን ጫማ ሳያደርግ የመለማመድ ልምድ ነበረው፣ ለውድድሩ የቀረበለትም ጫማ አልተመቸውም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። የድኽነቱ ተረት ለልብ የሚቀርብ መስሎ ቢታይም ሰውየው በሙያው አስቦ የወሰነውን ነገር ከእጁ ይነጥቀዋል።

ስለ አቆጣጠሩ፣ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት፤ በአማርኛ ለሚያነብ ልጅ የእኛው ዓመተ ምሕረት ይቀለዋል። የአውሮፓውያኑን በመጨረሻው ገጽ በሚቀመጥ የጊዜ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሊያደርጉት ይችላሉ። ሁልጊዜ ስምንት መቀነስ ግን አይሠራም። የሮሙ ሩጫ በእነርሱ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበርና ልዩነቱ ስምንት ነው፤ አንድ ሌሊት ቢያድር ኖሮ 1953 ገብቶ ሰባት ይሆን ነበር። የቶኪዮው ውድድር ጥቅምት ላይ ስለ ነበረ ከ1964 ላይ የሚቀነሰው ሰባት ነው። ይህን ሳያስተውሉ የቶኪዮውን 1956 ብለው የሚያትሙ አሉ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ መጻሕፍት እሸጣለሁ፤ አልፎ አልፎም አሳትማለሁ። በ2010 ዓ.ም. ያሳተምኩት የልጆች «ጠቅላላ ዕውቀት» መጽሐፍ አልቆብኛል፤ አሁንም ይጠየቃል። አዲስ ሽፋን አድርጌ «የተሻሻለ እትም» ብዬ ላወጣው አስቤአለሁ። ምን ምን መታየት አለበት?

መልስ፦ ሽፋኑ ብቻ ከተቀየረ መጽሐፉ ዳግም ኅትመት ነው፤ «የተሻሻለ» የሚለውን ቃል መጻፍ ወላጁን ማታለል ይሆናል። ደግሞም የእርስዎ መጽሐፍ ከታተመ ወዲህ ሽፋን የማያድነው ብዙ ነገር ተለውጧል።

ከራስዎ ከተማ ይጀምሩ። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዘጠኝ ክልሎች ነበሯት፤ ሐዋሳም የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቋሙ። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ አስተዳደር ሆነው ይታከላሉ። የሐዋሳ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ስለ ራሱ ከተማ ስሕተት ቢያነብ ስለ ጨረቃና ስለ ማርስ የተጻፈውን ለምን ያምናል? ለውጡ በአንድ መሥመር የሚቆም እንዳይመስልዎ፤ ካርታው፣ የዋና ከተሞቹ ሰንጠረዥ፣ በመጨረሻው ገጽ ያሉት የፈተና ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ሁሉ አብረው መታረም አለባቸው። በመልስ ገጽ ላይ ተረስቶ የሚቀር አሮጌ ቁጥር በተሻሻሉ እትሞች ውስጥ ከሚገኙት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ስለ ዓባይ ግድብ «በመሠራት ላይ ይገኛል» የሚል ካለ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሳተርን በ2010 ዓ.ም. 62 የታወቁ ጨረቃዎች ነበሯት፤ በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 274 ደርሷል። ይህ የመጨረሻው ለሌላውም የሚሆን ዘዴ ያስተምራል። 62ን ሰርዘው 274 ቢጽፉ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ሊያረጅብዎ ይችላል። «ሳተርን ከ200 በላይ ጨረቃዎች እንዳሏት ታውቋል፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች አሁንም አዳዲስ እያገኙ ነው» ቢሉ ግን ዐረፍተ ነገሩ ዕድሜው ይረዝማል፤ እውነትነቱም ይጨምራል። ትክክለኛውን ቁጥር መስጠት ግድ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ አብሮ ይጻፍ።

ከጊዜ ጋር የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያውም የነበረ ስሕተትም ይኖራል። የጠቅላላ ዕውቀት መጻሕፍት አንዱ ከአንዱ ሲገለበጡ ስለሚኖሩ፣ «ፈለኮች ዘጠኝ ናቸው» የሚለው ፕሉቶ ከዝርዝሩ ከወጣችበት ከ1998 ዓ.ም. በኋላም ይታተማል፤ የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ከቆመ በኋላ «ሮም ይገኛል» የሚሉ አልጠፉም። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ ሌላ ግን አናውቅም። የመጽሐፉን አንድ ቅጂ ወስደው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ኅዳግ ላይ መረጃው ከየት እንደ መጣ ይጻፉ፤ ምንጭ ያጡለትን ያስወጡት ወይም እንደ አዲስ ያጣሩት። ይህን ቅጂ አይጣሉት፤ ለሦስተኛው እትም ሥራዎን በግማሽ ያቀልልዎታል።

ይዘቱ በእርግጥ ሲለወጥ አዲስ እትም ስለሚሆን አዲስ አይኤስቢኤን (ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል፤ የፊደል ግድፈት ብቻ ታርሞ ሲታተም ግን የቀድሞው ቁጥር ይቀጥላል። ቁጥሩን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። በኅትመት መረጃው ገጽ ላይም የመጀመሪያውን እትም ዓመትና የተሻሻለበትን ዓመት ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ ዓመቱን መደበቅ መጽሐፉን ወጣት አያደርገውም።

ጥያቄ፦ አዳማ የምማር የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ የልጆች መጽሐፍ «ሉሲ የመጀመሪያዋ ሰው ናት» ይላል። አስተማሪያችን ግን ከእሷ የሚበልጡ ተገኝተዋል አሉን። መጽሐፍ ይሳሳታል? ስሕተት ያገኘ ልጅስ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አዎ፣ መጽሐፍ ይሳሳታል፤ አስተማሪሽ የነገሩሽም ልክ ነው። ሉሲ፣ በእኛ ስሟ ድንቅነሽ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ ስትገኝ በዚያን ጊዜ ከታወቁት የሰው ዘር ቅሪቶች ሁሉ ድንቅ ነበረች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በኋላ ዲኪቃ ላይ የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ አርዲ የተባለችው ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው፤ ሦስቱም የተገኙት በአፋር ነው። «የመጀመሪያዋ ሰው» የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ድንቅነሽ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ የአንጎሏ መጠን ግን ከእኛ በጣም ያነሰ ነበር፣ የምትመደበውም በሌላ ዝርያ ነው።

አሁን መጽሐፉን ገልብጪና የታተመበትን ዓመት ፈልጊ። ከዚያ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፊ፤ የገጹን ቁጥር፣ የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ፣ ልክ ነው የምትዪውንና ከየት እንዳወቅሽው አስፍሪበት። «መጽሐፋችሁ መጥፎ ነው» ማለት አያስፈልግም። ይህን የሚያነቡ አሳታሚዎችም በልጆች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚላክበትን አድራሻ ቢያትሙ ከከፈሉት አራሚ የማያንስ አገልግሎት በነጻ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊዎች ጽሑፉን ብቻ ይሰጡኛል፤ እኔ ከኢንተርኔት ፎቶግራፍ እየፈለግሁ እሥላለሁ። አንድ ጊዜ ከቀለም በኋላ «ይህ ወፍ እኛ አገር የለም» ተብዬ ሥራው ተመለሰብኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ በኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉም እንደ ጽሑፉ ምስክርነት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ማጣራቱ የጸሐፊውም የእርስዎም ነው፤ በገንዘብ የሚጎዳው ግን እርስዎ ነዎትና አስቀድመው ይጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ እንስሳና ዕቃ ጸሐፊው የማመሳከሪያ ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፦ ትክክለኛ ስሙ፣ የሚኖርበት ቦታ፣ መጠኑ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር፣ በዚያ ገጽ ላይ ምን እያደረገ መታየት እንዳለበት። ሥዕሉ በእርሳስ ደረጃ ላይ ሳለ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይየው፤ የእርሳስ መሥመር በላጲስ ይጠፋል፣ ቀለም የገባበት ገጽ ግን የሳምንት ሥራ ነው። የሚሥሉት የሐዋሳን አእዋፍ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔቱ ለምን ያስፈልግዎታል? ጠዋት አሞራ ገደል ይውረዱ። የአባ ኮዳን መላጣ ራስ፣ ከጉሮሮው የተንጠለጠለውን ከረጢት፣ በዓሣ አጥማጆቹ መካከል እንዴት ሳይፈራ እንደሚራመድ ከማንም ፎቶግራፍ በተሻለ ያገኙታል፤ ከዛፎቹም ላይ ጉሬዛ አይጠፋም።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎቶግራፍ ባለቤት የሌለው አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍንም ሥዕልንም ይጠብቃል፤ የአንዱን ፎቶግራፍ እንዳለ በቀለም መገልበጥ ከፈቃድ ነጻ አያደርግም። አዋጁ እርስዎንም ይጠብቃልና ከአሳታሚው ጋር ሲዋዋሉ መጽሐፉ ወደ ፊት ሲሻሻል ሥዕሎቹን ማን እንደሚያርምና ለእርማቱ ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስፈር። ካርታ ከሣሉ ይህ አንቀጽ ይበልጥ ያስፈልግዎታል፤ የክልሎችን ካርታ በቅርብ ዓመታት ስንት ጊዜ ማደስ እንዳስፈለገ ከላይ አይተናል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ስለ ቡና አተካከል ያዘጋጀነውን የአማርኛ መጽሐፍ በሲዳምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ለማሳተም ፈልገናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሐዋሳ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በአህያ ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች ይወስድባት የነበረች ከተማ ስለ ሆነች አንባቢ አታጡም። ሲዳምኛው ግን ከአማርኛው መሥመር በመሥመር እንዳይገለበጥ። ቡና ከሚያለማ ቤተሰብ የመጣ፣ በቋንቋው የሚጽፍ ሰው የመጽሐፉን ዕቅድና ሥዕሎቹን ይዞ እንደ አዲስ ይጻፈው፤ የችግኙን፣ የለቀማውንና የማድረቁን ሥራ ገበሬው በሚጠራበት ስም ይጥራው። ከእሱ ጽሑፍ አማርኛውን የሚያሻሽል ነገር ካገኛችሁም አማርኛውን ለመለወጥ አታመንቱ።

የገጽ ቅንብሩን ከሁለቱም ጽሑፎች በፊት አታስጨርሱ። ሲዳምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ለአንድ ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ስለሚፈልግና ርዝመትን ፊደል በመድገም ስለሚያሳይ፣ ተመሳሳዩ ሐሳብ ከአማርኛው የበለጠ መሥመር ይይዛል። ሠዓሊው በየገጹ ባዶ ቦታ ሲተው ረዥሙን ጽሑፍ ለክቶ ይተው፤ ያለዚያ የሲዳምኛው ፊደላት ለማንበብ እስኪያስቸግሩ ድረስ እንዲያንሱ ይደረጋሉ፤ በብዙ የሁለት ቋንቋ መጻሕፍት የሚታየውም ይህ ነው።